የግቢ ልጅ የግቢውን ልጅ ሥራ ቢያስገባ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የውይይቱ ክር፣ ማለትም ጥያቄዬና የተሰጡት መልሶች፣ ረዝሟል። አዲስ የሚገባው ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት መልሶች ብቻ እያነበበ ስለሚጽፍ ነገሩ እየተደጋገመ ነው። ስለዚህ ከራሴ ጥያቄ ጀምሬ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ ላስቀምጠው። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳባቸውን ነው የጻፍኩት። የራሴንም አስተያየት ጣል አደርጋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ካዛንቺስ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ሊቀጥር ነው። ማስታወቂያው ሳይወጣ ወሬው የእኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ ፈተናው ምን ላይ እንደሚያተኩር፣ ኃላፊው ምን ዓይነት ሰው እንደሚወድ ሳይቀር ተጽፏል። የጻፈው ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጓደኛችን ነው። ክፋት የለበትም። ሥራ ያጡ ልጆች ስላሉን አንጀቱ አልችል ብሎ ነው። ማስታወቂያው በይፋ ሲወጣ የእኛ ልጆች አንብበው፣ ሲቪያቸውን አስተካክለው ጨርሰው ነበር።

በዚያው ሰሞን አራት ኪሎ ሳልፍ ሥራ ፈላጊዎቹን አያለሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመው አንገታቸውን ቀና አድርገው ያነብባሉ። ሌሎቹ ጋዜጣ ለሚያከራየው ልጅ ሳንቲም ከፍለው፣ ጥግ ይዘው፣ የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ብቻ ገልጠው አድራሻ በቁራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ። አንዷ ወረቀቷ አልቆባት መዳፏ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሌላቸው ናቸው። ያ ማስታወቂያ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ሌላው ከግማሽ መንገድ በላይ ሄዷል።

እናም ጠየቅሁ። አብረው የተማሩ ሰዎች ሲረዳዱ የት ድረስ ነው ደግ የሚሆነው? ከየት ጀምሮስ የሰው እንጀራ መንጠቅ ይሆናል? አቋሜንም ጻፍኩ። የምሩቃን ትስስር ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሌለው ልጅ ዘመዱ ባቹ ነው። ግን ወሬ ማድረስ ሌላ፣ ቦታ መያዝ ሌላ።

መልስ 1

ከአምስት ኪሎ የተመረቀ ልጅ ነው። ምንም ጥፋት የለውም ባይ ነው። ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት የደወለለት ሁለት ባች የሚቀድመው ሲኒየር ነበር። በቅርብ አይተዋወቁም። ግቢ እያሉ አንድ ፕሮጀክት ላይ ስላገዘው ሰላም ይባባላሉ፤ በቃ። ሲኒየሩ ክፍት ቦታ መኖሩን ነገረው፣ ምን ቢያነብ እንደሚሻለው አሳየው፣ ለቃለ መጠይቁ ቀን ደግሞ ኮቱን አዋሰው። ፈተናውን ግን የተፈተነው ልጁ ራሱ ነው። አሁን እሱም በተራው ለታናናሾቹ ይደውላል። ብድር በምድር ነው ብሎ ጨረሰ። የኮቱን ነገር ብዙ ሰው ወዶለታል፣ እኔም ጭምር።

መልስ 2

እየተከታተለ መሆኑን ብቻ አሳውቋል።

መልስ 3

ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሳቸውን ነው። የተማሩት ስድስት ኪሎ ገና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባልበት ዘመን ነው። ተመራቂው ጥቂት ስለነበር ሥራው ነበር ሰውን የሚፈልገው ይላሉ። ትስስራቸውም ሥራ ለመቀጣጠር ተብሎ የመጣ አልነበረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል የሚያስገድድ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር። አብዛኛው መምህር ሆኖ ነበር የሚመደበው። እሳቸውም አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ከአንድ የሕግ ተማሪና ከአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ጋር ቤት ተከራዩ። ሽሯቸውን በተራ እየሠሩ፣ ማታ ማታ አንድ ፋኖስ ከበው የልጆች ደብተር ሲያርሙ ያመሹ ነበር። ሦስቱን ያስተሳሰራቸው ያ ዓመት ነው። የሙያቸው መለያየት በኋላ ጠቀማቸው። መሐንዲሱ ውል ሲፈርሙ የሚያማክሩት ያንን የሕግ ሰው ነበር። እናንተ ግን ከገዛ ዲፓርትመንታችሁ ውጪ ሰው አታውቁም፣ ግሩፓችሁ የጠበበውም ለዚህ ነው ብለው ወቀሱን። ልክ ናቸው። እግረ መንገዳቸውን ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ተመሠረተ ብለው ጽፈው ነበር።

መልስ 4 እና 5

መልስ 4 ያንን ዓመት ለማረም የመጣ የታሪክ መምህር ነው። በትልቅ ትሕትና ነው ያረማቸው። ኮሌጁ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. የሆነው ንጉሡ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጥተው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሰብሰባቸው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን ከዓመት እርማት የሚበልጥ ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘምት መደበኛው ትምህርት ቆመ፤ ባቾች ተበታተኑ። ተከትሎ የመጣው ጊዜ ደግሞ ስንቱን በላ፣ ስንቱን አሰደደ። የምሩቃን ማኅበር በአገራችን ለምን ሥር እንዳልሰደደ የሚጠይቅ ሰው ያንን ትውልድ ያስታውስ አለ። ጋሼ መሐንዲሱ በመልስ 5 አመሰገኑት። ከሦስቱ የፋኖስ ጓደኞች አንዱ ከዚያ ዘመን እንዳልተረፈ በአንድ መስመር ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም።

መልስ 6

አንድ የግል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። ነገሩን ከውስጥ ስላሳየችን ሰፋ አድርጌ ላስፍረው። ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ ለሚጠይቅ አንድ መደብ የሚመጣው ሲቪ ክምር ነው። ሁሉም በእኩል ይነበባል የሚል ሰው ካለ እየዋሸ ነው አለች። ከውስጥ ሠራተኛ ጥቆማ ያለው ከክምሩ ይነሣል፣ ይነበባል። እስከዚህ ድረስ ክፋቱ አይታያትም፤ ጠቋሚውም ስሙን ስላስያዘ ደካማ ሰው አያመጣም። የጽሑፍ ፈተናው ላይ እጅ ማስገባት ከባድ ነው። በእነሱ ቤት ወረቀቱ የሚታረመው በኮድ እንጂ በስም አይደለም።

ነገር የሚበላሸው ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ተፈላጊ ችሎታው ሲጻፍ ይጀምራል። ሰውየው ቀድሞ ከታወቀ፣ እሱ ያለው ሌላው የሌለው አንድ የሥልጠና ወረቀት መስፈርቱ ውስጥ ትገባለች። ሌላ ጊዜ ማስታወቂያው በበዓል ዋዜማ ይወጣል፤ ሰው ከዘመድ ጥየቃ ሲመለስ ምዝገባው ተዘግቷል። ከሁሉ የባሰው ቃለ መጠይቁ ነው። አንዱ አመልካች መልስ የሌለው ጥያቄ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የሚገባው ስለ ራስህ ንገረን ይባላል። የነጥብ መስጫው ቅጽ ግን አንድ ነው፣ ፊርማውም ሙሉ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የሚያይ ኦዲተር አንድም ጉድለት አያገኝበትም። የሲቪል ሰርቪስ ሕጉ የመንግሥት ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ይውጣ፣ ቅጥሩም በውድድር ይሁን ይላል። የምትለው ግን ወረቀቱ ተሟልቶም ሰው ሊበደል እንደሚችል ነው። ለእኔ የጥያቄዬ ግማሽ እዚህ ላይ ተመልሷል።

መልስ 7

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ከአዳዲሶቹ የክልል ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የተማረ ልጅ ነው። የእናንተ መረዳዳት የእኔ መራብ ነው ብሎ ነው የጀመረው። ሜክሲኮ አካባቢ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ጠያቂዎቹና ከእሱ በፊት የገባው ልጅ ስለ አንድ ግቢ ላውንጅና ስለ አንድ ኃይለኛ መምህር እያወሩ ይስቃሉ። እሱ ሲገባ ሳቁ ቆመ። የት እንደተማረ ጠየቁት። ሲነግራቸው አንደኛው ጠያቂ ዩኒቨርሲቲው የት አካባቢ እንደሚገኝ ጠየቀው። ስለ ሙያው የመጣለት ጥያቄ ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ነበር።

ክርክሩ ጠንካራ ነው። አገሪቱ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው ሁሉ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ያንን አልፎ የመጣን ልጅ እንደገና በግቢው በር መመዘን ምን ይባላል? ሰባ ዓመት ያለው ተቋም ምሩቃኑን የትም ወንበር ላይ ያገኛቸዋል። ትናንት የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ግን የሚደውልለት ሲኒየር ከየት ይምጣ?

መልስ 8 እና 9

መልስ 8 ለዚህ ልጅ የተሰጠ ነው፤ ስድብ ነው ብል አላጋነንኩም። ጎበዝ ብትሆን አዲስ አበባ ይደርስህ ነበር የሚል ነው። የክሩ አስተዳዳሪ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰረዛት። መልስ 9 ላይ አንዲት እናት ጠንከር አድርጋ ገሠጸችው። ልጇ ጥሩ ውጤት አምጥታ ሩቅ ተመድባለች። ምደባው በውጤት፣ በምርጫና ባለው ቦታ ብዛት የሚወሰን እንጂ የልጅ ጉብዝና ማኅተም እንዳልሆነ አስረዳችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። በተመደበበት ቦታ ሰውን መናቅ ነውር ነው። መልስ 7ን የጻፈው ልጅ የተናገረው ደርሶበት ነው።

መልስ 10 እና 11

አንድ ኢኮኖሚስት ውይይቱን ወደ ጥናት መለሰው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን አነሣ። ሰውየው ቦስተን አጠገብ ያሉ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አነጋገረ። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ወሬውን ያመጣላቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 56 በመቶ ያህሉ አልፎ አልፎ፣ 28 በመቶው ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቅርብ ጓደኛህ ጋር የምትውለው አንድ ቦታ ነው፤ እሱ የሚሰማውን አንተም ሰምተኸዋል። አዲስ ነገር የሚያመጣው በሩቁ የምታውቀው ሰው ነው። የመልስ 1ን ሲኒየር ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰው፤ ጋሼ መሐንዲሱም ስለ ሌላ ፋኩልቲ ሰው ያሉት ከዚህ ጋር ይሄዳል አለ።

መልስ 11 እሱን ደግፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በሊንክዲን ላይ 20 ሚሊዮን በሚሆኑ ተጠቃሚዎች የተሠራ ትልቅ ጥናት ወደዚያው ማዘንበሉን ጨመረ። ቀጥሎ ግን ጥያቄ አነሣ፣ እኔም የምደግፈው ነው። የሩቅ ትውውቅ የሚጠቅመው የሩቅ ትውውቅ ላለው ነው። ሰሌዳው ሥር የቆመችው ልጅ ከቅርብም ከሩቅም የላትም።

መልስ 12

ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። እዚያ አገር ኤና የሚባል የመንግሥት ሹማምንት የሚወጡበት ትምህርት ቤት ነበር። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ዓላማውም ደግ ነበር፤ ሹመት በዘመድ መሆኑ ቀርቶ በፈተና እንዲሆን። እያንዳንዱ ባች ለራሱ ስም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመረቀው ቮልቴር የተባለው ባች ውስጥ ፍራንሷ ኦላንድ፣ ሴጎሌን ሯያልና ዶሚኒክ ደ ቪልፓን አብረው ነበሩ። አንዱ ፕሬዚዳንት፣ አንዷ ሚኒስትርና የፕሬዚዳንት እጩ፣ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኦላንድ ሥልጣን ሲይዝ አንዳንድ የባች ጓደኞቹን ቁልፍ ቦታ ላይ በማስቀመጡ ብዙ ተወራ። ሕዝቡ በእነዚህ ሰዎች መማረሩ እየበዛ ሄዶ፣ መንግሥትን ከተቃወሙት የቢጫ ሰደርያ ለባሾች ሰልፍ በኋላ ፕሬዚዳንት ማክሮን፣ እሱም እዚያው የተማረ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ተዘጋና ሌላ ተቋም ተተካ። ጸሐፊው ሊያስጠነቅቀን የፈለገው አንድ ነገር ነው። ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ በፈተና የገቡትም ከገቡ በኋላ በሩን ይዘው ሊቆሙ ይችላሉ።

መልስ 13 እስከ 15

እዚህ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የኮሜርስ ልጆች ሰንጋ ተራ እንዴት ይገናኙ እንደነበር አነሣ። ሌላው ፒያሳ ባቻቸው በየወሩ የሚገናኝባት ካፌ ሰፈሩ ሲፈርስ እንደፈረሰች ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንገናኝ እየተባለ ስብሰባው በዚያው ቀረ። ሦስተኛው ስለ ቤት ኪራይ ማማረር ጀመረ። ላሳጥረው። ግን የካፌዋ ነገር አሳዝኖኛል። ሰው የሚገናኝበት ቦታ ሲጠፋ ትስስሩም አብሮ ይሳሳል።

መልስ 16

አንዲት ሲቪል መሐንዲስ መልስ 15ን አቋርጣ ገባች። ቦታ ስለማጣት ታወራላችሁ፣ እኔ ቦታው እያለም አልገባሁበትም አለች። የባቿ ወንዶች የሚገናኙት ዓርብ ማታ ነው። ቁርጥ ቤት ይጀመራል፣ ድራፍት ቤት ያልቃል። የሥራ ወሬው፣ የጨረታ ወሬው፣ የማን ወንበር ሊለቀቅ እንደሆነ የሚወራው እዚያ ነው። እሷ ልጅ አላት፣ ማታ ቤቷ መግባት አለባት። አንዴ ሄዳ ነገሩ እንደማይመቻት አየችው። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ሁሉም ያወቀውን እሷ ብቻ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ከፍተኛ ውጤት ከነበራቸው አንዷ ነበረች። ማንም ክፉ አላደረጋትም፣ ማንም ግን ደውሎ አልነገራትም። የቅዳሜ ጠዋት ቡና ምን አጠፋ ብላ ጠየቀች። ይህንን ነጥብ ከእሷ በፊት ማንም አላነሣውም ነበር። ልብ ልንለው ይገባል።

መልስ 17

ሲቪውን ከነስልክ ቁጥሩ የለጠፈ ልጅ ነው። አስተዳዳሪው ለራሱ ደኅንነት ቁጥሩን አነሣለት። የተማረው አካውንቲንግ ነው። የሚያግዘው ካለ በግል እንዲጽፍለት ይለምናል።

መልስ 18

በቀጥታ ወደ እኔ የመጣ ነው። ቃሉ መረር ይላል። ስለ ፍትሕ እየጻፍክ ራስህ ከግሩፑ አልወጣህም፣ ወይ ውጣ ወይ ዝም በል የሚል ነው። አንድ ጨዋ ሰው እንዲህ ባለ ጉዳይ ግማሽ እግሩን ውስጥ ማድረግ የለበትም ይላል።

መልስ 19

ይህ የእኔ መልስ ነው። አልወጣም። ብወጣ ግሩፑ አይቀየርም፣ ሰሌዳው ሥር ላሉት የሚጨምርላቸውም የለም። ያደረግሁትን ጻፍኩለት። ግሩፑ ውስጥ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ክፍት ቦታ መኖሩን የሰማ ሰው፣ ማስታወቂያው በይፋ በወጣባት ሰዓት ማንም ሊያየው በሚችል ክፍት ቻናል ላይ ይለጥፈው። የፈተና ይዘትና የኃላፊ ጠባይ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ጨርሶ አይጻፍ። የመጀመሪያውን ብዙዎቹ ተቀበሉ፣ ቻናሉም ተከፍቷል። በሁለተኛው ላይ ተከፋፍለናል። አንዳንዱ ታናሽ ወንድሜ ቢሆን እነግረው ነበር ይላል። ይገባኛል። ነገር ግን የራሱ ታናሽ ወንድም ሌላ ሰው በር ላይ ሳቅ እየሰማ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

መልስ 20

የሰው ሀብቷ እህት ተመለሰች። ለመልስ 17 ሲቪውን አይታ አስተያየት ልካለታለች። አምስት ገጽ ነበር፤ ወደ ሁለት አውርደው፣ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትህን አውጣው፣ የሠራኸውን የተግባር ልምምድ ወደ ላይ አምጣው ብላዋለች። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ሰው አመልካቹን ካወቀው፣ ዘመድም ይሁን የባች ልጅ፣ በጽሑፍ አሳውቆ ከዚያ ወንበር ይነሣ። ጥያቄዎቹም አስቀድመው ተጽፈው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ይሁኑ።

መልስ 21

ጋሼ መሐንዲሱ አልተስማሙም። በእሳቸው መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ ሁሉም የስትራክቸር መሐንዲስ ከአንድ ፋኩልቲ የወጣ ነበር፤ ሌላ የሚያስተምርም አልነበረም። ያንን ሕግ ቢያወጡ ኖሮ ፈታኝ አይገኝም ነበር። ደግሞም መምህር የራሱን ተማሪ ያርም የለም ወይ? ሰውን ከወንበር ማስነሣቱ ሳይሆን ጥያቄውንና መልሱን መዝግቦ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው ይላሉ። ያልተቀጠረው ልጅ መጥቶ ምን እንደጎደለው ሲጠይቅ የሚታይ ነገር ይኑር።

መልስ 22

መልስ 7ን የጻፈው ልጅ ነው፤ ድምፁ ረገብ ብሏል። ጋሼን አክብሮ፣ ያ ዘመን አልፏል፣ ዛሬ የስትራክቸር መሐንዲስ ከሃያ ግቢ ይወጣል አለ። ሁሉም ይነሣ አላለም። ከሦስት ጠያቂ አንዱ ከሌላ ግቢ ቢሆን ይበቃኛል ነው ያለው። መዝገቡን ግን እሱም ይፈልገዋል። ከዚያ ቃለ መጠይቅ በኋላ ነጥቡን ሊጠይቅ ሄዶ፣ ማየት አይቻልም ተብሎ ከጥበቃው ነው የተመለሰው። መጨረሻ ላይ የቻናሉን ስም ጠየቀኝ። ልኬለታለሁ።